አንቺ፣ በሰው ፊት

አማርኛ «እኔ» ለሚል ሰው ደግ ነው። በላሁ፣ ተኛሁ፣ ደከመኝ ስል ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ አይጠይቀኝም። ጣጣው የሚጀምረው ሌላ ሰው ሲያናግረኝ ነው። ያን ጊዜ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ግድ ይሆናል። እኔ ደግሞ ወንድ ተብዬ ተወልጄ ሴት ሆኜ የምኖር ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አፍ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አንዳንዱ «አንተ»ን ሆን ብሎ ረገጥ ያደርጋታል። አንዳንዱ ይጨንቀውና «ሻይ ይፈለጋል?» ብሎ ወደ ግድግዳው ያያል። በሁለተኛው እንኳ እስቃለሁ።

እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን «አንቺ» አለኝ። የወሎ ልጅ ነው፤ እዚህ በስደት አገር ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች እንግዳ የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። እኔ ከሆቴሎቹ በአንዱ ክፍል አጸዳ ነበር። ከሺፍት ስወጣ መንገድ እየጠበቀ ይሸኘኝ ጀመር፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲገባኝ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ታዲያ ምን ይጠበስ? አንቺ አንቺ ነሽ» አለኝ። እኔም አመንኩት።

በፈረንጆቹ 2020 በወረርሽኙ የተነሳ የከተማችን ካዚኖዎች ሲዘጉ ሁለታችንም ሥራ ፈታን፤ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር ካለችው ጠባብ አፓርታማዬ ጓዙን ይዞ ገባ። ያንን ጊዜ ሰው ሁሉ በፍርሃት ነው የሚያነሳው። ለመናገር አፍራለሁ እንጂ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንግዳ አይመጣም፣ ግብዣ የለም፣ ውጭም ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኗል። እጅ ለእጅ ተያይዘን ግሮሰሪ ስንሄድ ዞሮ ያየን አልነበረም። ረመዳን ሲገባ ሾርባውንም ሳምቡሳውንም ተማርኩ። ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ ይመጣና «ተይው፣ ዓይንሽን አቃጠለሽ» ይለኛል። ያቺን «ሽ» ስሰማ ሆዴ ይባባል።

ኢንስፒራዳ የሚባል ሰፈር የምትኖር ታላቅ እህት አለችው፤ እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። አንድ ቀን በቪዲዮ ሲያወሩ ድስቱ ሊያርርብኝ ሆነና ሳላስበው በጀርባው አለፍኩ።

«ማናት እሷ?» አለች።

«የቤት አከራዬ ናቸው» አላት። ከዚያ ስልኩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረና «ይቅርታ፣ ረበሽኩዎት እንዴ?» አለኝ።

ሲዘጋ በሳቅ ሞትን። «በአንድ አፍ አሮጊት አደረግኸኝ» አልኩት። «ምን ላድርግ፣ አንቺ ካልኩሽ ማን ናት፣ የማን ልጅ ናት ብላ ትመረምረኛለች። ትልቅ ሰው ሲሆን አይጠየቅም» አለኝ። ብልህነቱ ገረመኝ። እሳቸውና እርስዎ ጾታ የላቸውም፤ ከክብር ሌላ ምንም አይታይባቸውም። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር አከራይ እሆናለሁ። ከተማው ተከፍቶ ሥራ ሲመለስ ደግሞ ነገሩ ከስልክ ወጣ። ቫኑ ውስጥ የሥራ ጓደኛው ካለ «የት ላውርድዎት?» ይለኛል። እኔም አብሬው የምኖርበትን ቤት አድራሻ እነግረዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ከታችኛው ፎቅ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራዩ። የሃያ ዓመት ልጅ ናቸው። ለምን አንቱ እንዳልኳቸው ልንገራችሁ። ወላጆቻቸው የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ያደጉት ደቡቡ ተራራ ሥር፣ በእንግሊዝኛ «መዝሙር» ማለት ከሆነው፣ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን «አንተም» ከሚባለው ሰፈር ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ፈርዶባቸዋል ብዬ ብቀልድባቸው አልገባቸውም፤ ሳስረዳቸው ግን ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሳቁ።

«ሲስ፣ እኔ ሂም አይደለሁም፣ ኸርም አይደለሁም» አሉኝ፤ ወንድም ሴትም አይደለሁም ማለታቸው ነው። «ዴይ ነኝ። በአማርኛ እሱ ምንድን ነው?»

«እርስዎ» አልኳቸው።

«ያ ለኦልድ ሰዎች አይደለም?»

«ካሁን በኋላ ለእርስዎም ነው።» ደስ አላቸው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቺፕስ እየበሉ የሚያልፉትን ልጅ «እንዴት ዋሉ» እላለሁ።

በ2021 ጸደይ ላይ ለትምህርታቸው ጥያቄዎች ማዘጋጀት ነበረባቸው። እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ከመንገደኛ ሳይሆን ከገዛ ፍቅረኛቸው የሚደርስባቸውን ንቀት የሚለኩ ጥያቄዎች ናቸው። «ይሄ እንዴት ይለካል?» አልኳቸው። «እንደ ፊቨር ነው» አሉ፣ ትኩሳት ሲሉ። «ሰውየው በፍጹም፣ አንዳንዴ፣ ሁልጊዜ እያለ ይመልሳል፤ ከዛ ምን ያህል ሃይ እንደሆነ ቼክ እናደርጋለን።» በአማርኛም እንዲሆን ፈለጉና እንድረዳቸው ጠየቁኝ። መጀመሪያው መስመር ላይ ተጣበቅን። እንግሊዝኛው ማንንም በአንድ ቃል ይጠራል፤ የእኛው ቋንቋ ወንድ ነው ሴት ናት ሳይል አላልፍም አለ። መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁሉንም በ«እርስዎ» አደረግነው። ራሴን እንደ ሊቅ ቆጠርኩት።

ጥያቄው ለጆሮ ደህና መሆኑን ለማየት መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ።

«ፍቅረኛዎ ይሰድብዎታል?»

«በፍጹም።»

«በሰው ፊት ይስቅብዎታል?»

«በፍጹም» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

«በሰው ፊት እንደማያውቅዎት አድርጎ ያናግርዎታል?»

በፍጹም ልል አፌን ከፈትኩ። ያቺ «ዎት» ግን በእሳቸው ድምፅ ሳይሆን በእሱ ድምፅ ተሰማችኝ። የት ላውርድዎት። ረበሽኩዎት እንዴ። 

«በጣም አክብሮ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«አልገባኝም። ሪስፔክት ጥሩ ነው፣ አይደል?»

«ጥሩ ነው።» እንባዬ መጣ። ደነገጡና «ስኪፕ እናድርገው?» አሉኝ። «አይሆንም» አልኳቸው። «ሁልጊዜ ብለው ይጻፉት።»

በማግሥቱ ለእሱ ነገርኩት። አግባኝ አላልኩትም፣ ለእህትህ ሁሉንም ንገራት አላልኩትም። አንዲት ጊዜ እሷ እየሰማች «አንቺ» በለኝ፣ ሌላውን እኔ እችለዋለሁ አልኩት። «እዚህ ቤት ንግሥት ነሽ፣ ምን ጎደለሽ?» አለኝ። «እዚህ ቤት» ያላት ቃል ከስድብ ይልቅ አመመችኝ። ትንሽ ቆይቶ እህቱ ልጆቿን ትምህርት ቤት የሚያደርስላት ሰው እንደምትፈልግ፣ እሷ ቤትም ክፍል እንዳለ ነገረኝ። መሄዱ እንደሆነ ገባኝ፤ አልለመንኩትም።

ዕቃውን ልትወስድ እህቱ ራሷ መጣች። ከቤት ልወጣላቸው እችል ነበር፤ አልወጣሁም። በር ላይ ማስኳን ዝቅ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። 

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «እኔ እኮ አከራዬ ናቸው ሲለኝ ባልቴት መስለሽኝ ነበር። ወንድሜን ስላኖርሽልኝ አላህ ይስጥሽ። ምን እያበላሽው ነው እንዲህ የወፈረው?»

ሁሉን ብታውቅ ምን ትል እንደነበር አላውቅም። ያን ቀን ግን «ሽ» ከአፏ እንደ ዝናብ ወረደ፤ እኔም እሱን አየሁት። መንገዱን ጠርጋለት ነበር። እሷ ያለችውን ከመድገም ሌላ ሥራ አልቀረውም።

ሻንጣውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረው። ጫማዬን እያየ «በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ አስቸገርኩዎት» አለኝ።

እህቱ ሳቀችበት። «ምን ነካህ፣ እኩያህ እኮ ናት።»

«ይተዋቸው» አልኳት። «ለምደውት ነው፤ እሳቸው ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚያናግሩኝ።»