ዋልያው ያለበት ጠጠር

ገዱ ደባርቅ ላይ የበቅሎ ነጂዎች ተራ አስከባሪ ነበር። እንግዳ ሲመጣ የማን በቅሎ እንደሚጫን የሚናገረው እሱ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «ተራዬን በላኝ» ያለው ሰው የለም።

ከደረት ኪሱ አንድ ቀይ ክብ ነገር አይለይም። በባሕር ማዶ ቁማር ቤት በብር ፈንታ የሚጫወቱበት ነው። አስጎብኚዎች ቺፕ ይሉታል፤ ሚስቱ ስጦታ ግን «ጠጠር» ነበር የምትለው። እንግዶች በሚያድሩበት ሳንቃ በር ላይ ዳቦ ስትሸጥ ቀዩን አንድ ፈረንጅ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ያለፈ ያገደመውን እየጠየቀች፣ የየአገሩ አውሬ የተሳለባቸውን አሥራ አራት አደረሰቻቸው። ክረምት ሲገባ አጎዛው ላይ ትደረድራቸውና፣ «የሰው አገር አውሬ ሁሉ እዚህ አለ። የኛ ዋልያ ምን በደለ?» ትል ነበር። ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የተቀበረችው በተወለደችበት በጊች ነው።

በ1999 ጥቅምት ላይ አስጎብኚው ሕሩይ ፖስታ ይዞ ወደ በቅሎ ማቆሚያው መጣ። የላከው ካቻምና ከእነሱ ጋር ተራራ የወጣ ፈረንጅ ነው። አንድ ቁማር ቤት እንዲህ ያለ ነገር ለሚሰበስቡ ሰዎች ብሎ ዋልያ ያለበት ጠጠር ሁለት መቶ ብቻ አሠርቷል። ፈላጊው ስለበዛ በዕጣ ነው የተሰጠው። ሰውየው የደረሰውን ለነጂዎቹ ልኮታል።

ሕሩይ መዳፉን ዘረጋ። አረንጓዴ ነው። ዋልያው ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል።

«የኔ ነው! ሻንጣውን የተሸከመች የኔ በቅሎ ናት» አለ ቻላቸው።

«ገደል ልትከተው የነበረችውም ያንተ ናት» አለው ያርጋል። ሁሉም ሳቁ።

 ገዱ የስጦታን ስም ሊጠራ ፈለገ። ከአፉ የወጣው ግን «ዕጣ» የሚል ነው።

እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ምልክቱን ባርኔጣ ውስጥ ጣለ፦ ባቄላ፣ ቁልፍ፣ የኮርቻ ጠፍር ቁራጭ። ገዱም እጁን ኪሱ ከትቶ ቀዩን ጠጠር ጨመረ። አስቦበት ይሁን ሳያስበው፣ በኋላም አላወቀውም።

መሪጌታ ገብረ ኪዳን ወደ ገበያ ሲያልፉ፣ «መሪጌታ፣ ዐይንዎን ጨፍነው አንዱን ያውጡልን» አሏቸው። መሪጌታ እጃቸውን ሰደዱ፤ ቀዩን አወጡ።

«ደረሰው! ለአያ ገዱ ደረሰው!»

«እንዴት ያለ ለስላሳ ነገር ነው!» አሉ መሪጌታ ጠጠሩን እያገላበጡ። «እጄ ሌላውን እንቢ አለ።»

ገዱ አረንጓዴውን ከሕሩይ ተቀበለ። መዳፉ ላይ ተቀምጧል፤ ቀላል ነው፣ እንደ ቅጠል። ከዚያ ለሕሩይ መለሰለት።

«ይህ ዕጣ አይደለም። እጅ መርጦታል። እንደገና ይጣል፤ ሁላችንም ስንጥር ብቻ።»

«አያ ገዱ፣ ምነው ተጃጃልክ! የመጣልህን ትመልሳለህ?» አለ ቻላቸው።

«ስንጥር አምጣ» አለ ገዱ።

እኩል ስንጥር ሰበሩ፤ እያንዳንዱም በጥርሱ ምልክት አደረገበት። መሪጌታ ደግመው አወጡ። ለቻላቸው ደረሰ።

በሦስተኛው ቀን እንግዶች ይዘው ወደ ጊች ሲነሡ ቻላቸው ጠጠሩን በጋለ ወስፌ በስቶ በክር አስሮታል።

«ወይኔ! ሁለት መቶ ብቻ የሆነ ነገር ይበሳል?» ብሎ ሕሩይ ራሱን ያዘ።

ቻላቸው አልሰማውም። በበቅሎው ጭነት ላይ ከኋላ በኩል አንጠለጠለውና፣ «አያ ገዱ፣ ሁልጊዜ ፊት ፊት ነው የምትሄደው። ዛሬ ከኔ በቅሎ ኋላ ሁን» አለው።

ሳንቃ በርን እንዳለፉ ጉም ወረደ። መጀመሪያ ሰዎቹን ዋጣቸው፣ ቀጥሎ በቅሎውን፣ ቀጥሎ ጭነቱን። አረንጓዴው ብቻ ቀረ፤ ዋልያው ከገዱ ፊት በአየር ላይ ይራመዳል፤ አንዴ ወደ ገደሉ ያዘነብላል፣ አንዴ ይመለሳል። ኮቴ ይሰማል፤ የማን እንደሆነ ግን አይለይም። ገዱ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቀዩን ጨበጠ። ዋልያው ወደ ስጦታ አገር፣ ወደ ጊች እየሄደ ነበር፤ እንዳይጠፋበት እርምጃውን ፈጠን አደረገ።