ከባናው ላይ የሚለቀም ጠጉር

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ነርስነት በምማርበት ጊዜ፣ የላቲን ቃል ልቤን ይማርከው ነበር። ራስ ምታትን እንኳ በአማርኛ ስሙ መጥራት ትቼ ነበር፤ ሰው እንዴት እንደታገሠኝ አላውቅም። አንዱን ቃል ግን እስከ ዛሬ ጮክ ብዬ አልጠራውም፤ ፍሎክሲሌሽን።

ያገኘሁት ለክረምት ዕረፍት መንዝ ገብቼ የሕክምና መዝገበ ቃላቴን ሳገላብጥ ነው። ፍሎከስ በላቲን ቁንጣሪ የበግ ጠጉር ማለት ነው። ከእሱ የወጣው ቃል የሚነገረው ልቡን ለሳተ በሽተኛ ነው። የተኛበትን ልብስ ያለማቋረጥ ይለቅማል፣ የሌለ ነገር ይነጫል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሞት ሲቃረብ ነው ይላል መጽሐፉ።

የእናቴ ታላቅ እህት ያን ሰሞን በትኩሳት ወድቀው እኛ ቤት ተኝተው ነበር። ዕድሜያቸውን የበግ ጠጉር ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው፤ የለበሱትንም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ የፈተሉት ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ደጃፉን ዘግቶት፣ በጎቹ ሳይታዩ ድምፃቸው ብቻ ሲሰማ፣ ሦስት ቀን ያልተንቀሳቀሱት ጣቶቻቸው ከባናው ላይ መልቀም ጀመሩ።

«እሰይ! እትዬ ተሽሏቸዋል፤ እጃቸው ሥራ ጀመረ» አለች እናቴ። በእኛ አገር ሴት ማገገሟ የሚታወቀው እጇ ወደ ጠጉሩ ሲመለስ ነው። ሮጣ ያልተፈተለ ጠጉር አመጣችና ገለባውን እንዲለቅሙ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።

ጣቶቹ ጠጉሩን አልነኩትም። አልፈውት ሄዱና ከባዶው አየር ለቀም፣ ለቀም። አክስቴ ዓይናቸው ተገልጧል፤ እኔን ግን አያዩኝም። የለቀሙትን በሁለት ጣት አሹና፣ ማንም ወዳልተቀመጠበት መደብ ዘርግተው ተቀባይ ጠበቁ።

«ልጃቸውን እንጥራት» አልኩ። አዲስ አበባ የምትኖር አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ለመደወል መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ በእግር መሄድ ያስፈልጋል።

«ተሽሏቸው እያየሽ ምን ብለን እናስደነግጣታለን?» አለች እናቴ። ፊቷ በደስታ በርቷል። ያን ደስታ ማጥፋት ፈራሁ፤ ቃሉን ዋጥኩት።

በማግስቱ ጧት አረፉ።

ልጃቸው የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። ለቅሶው ጋብ ሲል እጄን ይዛ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እማዬ ምንም ምልክት አላሳየችም?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ስላስታመምሽልኝ» ብላ ሳመችኝ።