ካጌን-ዳን የረታሁበት እሁድ

በአርባ ዓመት ውስጥ ካጌን-ዳን በክርክር የረታሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ባልረታው ኖሮ የአንዲት ልጁ ሠርግ ላይ ይገኝ ነበር። ይህን የምጽፈው የምናገርበት ቦታ ስለጠፋኝ ነው። መደቡ ፈርሷል፤ አብረውኝ ይቀመጡ ከነበሩት ውስጥም የቀረሁት እኔ ነኝ።

መደብ የምለው ካልካታ ውስጥ፣ በሰሜኑ በኩል ባለችው ጠባብ ቅያሳችን፣ የካጌን-ዳ ቤት ደጃፍ ላይ የነበረውን የሲሚንቶ መቀመጫ ነው። በስድስት ዓመት ይበልጠኝ ስለነበር እኔ ለታላቅ ወንድም እንደሚባለው «ዳ» ጨምሬ ካጌን-ዳ እለዋለሁ፤ እሱ ሂራክ ብሎ በስሜ ይጠራኛል። አመሻሽ ላይ ከየሥራችን ስንመለስ ጫማችንን እንኳ ሳንቀይር እዚያ እንሰበሰባለን። ሚስቴ «አልጋህን እዚያው ይዘርጉልህ» ትለኝ ነበር።

ካጌን-ዳ የትራም ቲኬት ቆራጭ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሺያምባዛር እስከ ኤስፕላናድ ሲመላለስ፣ ከተሳፋሪ የቃረመውን ወሬና ወንበር ላይ ተረስቶ ካገኘው ጋዜጣ ያነበበውን ይዞልን ይመጣል። ጨረቃ ላይ ውሃ አለ ወይስ የለም፣ መንግሥት ይወድቃል ወይስ አይወድቅም፣ እግዜር አለ ወይስ ሰው ፈጠረው፣ ያልበየነበት ነገር አልነበረም። «አላውቅም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። እሱም ከእኔ አልሰማም።

መደቡ ሁለት ደንብ ነበረው። ማንም አላወጣቸውም፣ ሁሉም ግን ይጠብቃቸው ነበር። አንደኛው፣ የቤት ጣጣ እዚያ አይወራም። ሚስት፣ ልጅ፣ የእናት ሕመም፣ ከወንድም ጋር መኳረፍ፣ ይኼ ሁሉ ከበሩ ወዲያ ነው፤ ከበሩ ወዲህ የሚወራው የዓለም ጉዳይ ነው። ሁለተኛው፣ አንዱ ሐሳብ ሲሰነዝር ሌላው መቃወም አለበት። ተቃዋሚ ያጣ ወሬ ሻዩ ሳይበርድ ያልቃልና። የካጌን-ዳ ተቃዋሚ እኔ ነበርኩ። ማን እንደሾመኝ አላስታውስም። እሱ ነጭ ካለ እኔ ጥቁር እላለሁ፤ በማግስቱ እሱ ጥቁር ቢል እኔ ነጭ ለማለት ዓይኔን አላሽም። ዳኛችን ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ጎሻይ-ባቡ ነበሩ። ተረታህ ያሉት ሰው ከመንገዱ ማዶ ካለው ከሻይ ሻጩ ከናንቱ ሻይ ያዝዛል። አብዛኛውን ጊዜ የማዝዘው እኔ ነበርኩ።

የዝሆን ራስ ያለው አምላክ፣ የጋኔሽ ምስሎች ወተት ጠጡ የተባለ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አገሩ ሁሉ ማንኪያ ይዞ ወደ ቤተ መቅደስ ይሮጣል። ካጌን-ዳ ከቤት ማንኪያና የሸክላ ዝሆን ይዞ ወጣና መደቡ ላይ አስቀመጠ።

«ኑ እዩ!» አለ። «ይኼ የልጆች መጫወቻ ነው። ይኼውላችሁ፣ ይኼም ጠጣ! ወተቱ እየተሳበ በሸክላው ላይ ይፈሳል እንጂ ማን ጠጥቶት?»

እኔ ራሴ ወሬውን ቅንጣት ታህል አላመንኩም። ግን ለዝሆኑ አምላክ የሚቆምለት ሰው መጥፋት የለበትም።

«ካጌን-ዳ፣ ትራም ላይ ሠላሳ ዓመት ቲኬት ስትቆርጥ አንድም ቀን ዝሆን አሳፍረሃል? ታዲያ ሲጠማው ምን እንደሚያደርግ በምን አወቅህ?»

ጎሻይ-ባቡ በሳቅ ፈረሱ። ካጌን-ዳም ሳቀ። ከዚያ ስለ ፈሳሽ ባሕርይ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረን፣ እኔም ሻይ አዘዝኩ። እንዲህ ነበርን።

ከቤት ወደ መደቡ እንድትወጣ የተፈቀደላት አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ ልጁ ሱታፓ። እናቷ በስድስት ዓመቷ ሞታባት ነበር። እሱ እጁን እያወናጨፈ ሲከራከር እሷ ጭኑ ላይ ተቀምጣ የተጠበሰውን የበደርጃን ቁራጭ ቀስ ብላ ከሳህኔ ላይ ታነሳለች። አድጋ የፊዚክስ መምህርት ሆነችና ሥራ አግኝታ ወደ ባርድማን ከተማ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ የምናውቀው ነገር አልነበረንም። አንጠይቅማ።

ከወተቱ ነገር ሦስት ዓመት በኋላ፣ በብርዱ ወራት፣ አንድ እሁድ ጠዋት ካጌን-ዳ ጋዜጣ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቀን። ሌላ ጊዜ ጋዜጣ ካነበበ ዘርግቶ ፊታችን ላይ ነው የሚያውለበልበው። ያን ቀን አልዘረጋውም።

«አንድ ነገር አነበብኩ» አለ። «ፓትና ከተማ ነው ነገሩ። አንድ ሂንዱ አባት አለ። አንዲት ልጅ ናት ያለችው። ሙስሊም ልጅ ልታገባ ነው፣ ሐሙስ። ካርድ ልካለታለች። ይሂድ ወይስ አይሂድ? እኔ ይሂድ ባይ ነኝ።»

ለእናንተ ነገሩ አሁን ግልጽ ነው። ለእኔ አልነበረም። ብጠየቅ እኔም ይሂድ ነበር የምለው፤ ከልቤ። ግን እሱ ቀድሞኝ ብሎታል።

«አይሂድ!» አልኩ።

«ለምን?»

«ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

ካጌን-ዳ በጣቶቹ ቆጠረ። «አሥራ አንድ» አለ።

የቤተሰብ ብዛት ቆጥሮ የሚጽፍ ጋዜጣ የት አለ? ደግሞ ቁጥሩ የራሱ የካጌን-ዳ ቤት ነው፤ እናቱ፣ ሁለቱ ወንድሞቹ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው፣ እሱ። አላሰብኩትም። ጨዋታው ሞቆልኝ ነበር።

«እንግዲያው ቁጠር!» አልኩት። «አንዷ ደስ ይበላት ተብሎ አሥራ አንዱ አንገታቸውን ይድፉ? ያረጁ እናት የሉትም?»

«አሉት።»

«እኒያ አሮጊት ነገ ጎረቤቱን በምን ዓይናቸው ያዩታል? ልጅቱ አዲስ ቤት አግኝታለች። አሮጌው ቤት ውስጥ የቀሩት የት ይግቡ? አንተ አፍህን በከፈትክ ቁጥር ብዙኃኑ፣ ብዙኃኑ ትል የለ? ይኸውልህ ብዙኃኑ!»

ጎሻይ-ባቡ አጨበጨቡ። ናንቱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ከማዶ «አበጀህ ሂራክ-ዳ!» ብሎ ጮኸ። ካጌን-ዳ ጋዜጣውን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረው።

«አባትየው ግን ልጁን ይወዳታል» አለ።

«ይኼ ክርክር አይደለም፣ ካጌን-ዳ። ይኼ ሆድ መባባት ነው።»

ይህችን አባባል ከእሱ ነው የወሰድኳት። እኔ መልስ ሲያጥረኝ ሁልጊዜ በእሷ ነበር የሚያስቀምጠኝ። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ የነበረውን ነገር ያኔ መገረም መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው የሆነ ነገር እንድጨምርለት፣ ወይም እንድተወው እየጠበቀ ነበር።

«ተረታሁ» አለ። «ናንቱ፣ አራት ሻይ።»

እንዴት እንደፈነጠዝኩ! ቤት ገብቼ ምሳ ስበላ ለሚስቴ ሁለት ጊዜ ተረኩላት። ዓሣው እንኳ ያን ቀን ጣፍጦኝ ነበር።

ሐሙስ የዓመት ዕረፍት ላይ ነበርኩ። አራት ሰዓት ግድም ስወጣ ካጌን-ዳ መደቡ ላይ ተቀምጧል። አዲስ ረጅም ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ የደህናውን ቀን ነጠላ ትከሻው ላይ አጣጥፏል፣ ጫማው ተወልውሏል።

«ካጌን-ዳ! ደግሞ ልታገባ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ትራም እየጠበቅኩ ነው» አለኝ።

በእኛ ቅያስ ትራም አልፎ አያውቅም። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ዓመት አገራችን የሞከረችው የአቶሚክ ቦምብ ወሬ ገና አልበረደም ነበርና እሱን አነሳሁለት። እስከ ስድስት ሰዓት አወራን። ያልኩትን ሁሉ «ይሆናል» እያለ አሳለፈልኝ። ከዚያ ተነሣና «ልብስ ልቀይር» ብሎ ገባ።

በሳምንቱ ናንቱ ሻይ ሲቀዳልኝ ነገረኝ። ሱታፓ አብሯት የሚያስተምር ቱሒድ የሚባል የታሪክ መምህር አግብታለች፤ ባለፈው ሐሙስ፣ እዚሁ ከተማ፣ የጋብቻ መዝገብ ቤት፣ በስድስት ሰዓት። ከእሷ ወገን ማንም አልመጣም።

ልለው የሚገባኝ ነገር አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ «ካጌን-ዳ፣ ያን እሁድ የተናገርኩትን እኔ ራሴ አላምንበትም።» በቃ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ልጁ ለመሄድ ባቡሩ ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም። ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ በየምሽቱ እወጣለሁ። ስቀመጥ የቤት ጣጣ እዚህ አይወራም እላለሁ። ደንቡ ምሽግ ሆነኝ። ደግሞም ያን አላምንበትም ካልኩት አርባ ዓመት ሙሉ ስናገር ከከረምኩት የትኛውን አምንበት ነበር? ይህን እንዲጠይቀኝ አልፈለግሁም። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሄደ። ካጌን-ዳ ስለ ምርጫውም ስለ ጨረቃውም መናገሩን አልተወም። የሃይማኖት ነገር ሲነሣ ግን «ሻይ ልዘዝ» ብሎ ብድግ ይላል። እኔም የምቃወመው አጣሁ።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሲከብድ፣ ሳንባው ታመመና በአሥር ቀን ሞተ።

በሞተ በአሥራ ሦስተኛው ቀን በሚደረገው ሥርዓት ላይ ሱታፓ መጣች። ፀጉሯ ጣል ጣል ያለ ሽበት አብቅሏል። እንግዳው ሲበታተን እኔ መደቡ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፣ አባቷ ይቀመጥበት በነበረው በኩል።

«ሂራክ ካኩ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ካኩ የምትለኝ የአባቷ ታናሽ ወንድም አድርጋ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ።

«አለሁ ልጄ።»

«አባዬ ሊሞት ሲል ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። አጭር ናት። ‹ባንቺ ወገን ቆሜ ተከራክሬ ነበር፤ ሂራክ ረታኝ። በደንብ ነው የረታኝ› ይላል። ምን ብለው ነው የረቱት? ልስማው።»

ነገርኳት። አሥራ አንዱን ሰው፣ አሮጊቷን፣ ብዙኃኑን፣ አንድም አላስቀረሁም። እንደ አባቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ። ያልኩትን እንዳላመንኩበትም ነገርኳት። እሱን እንዳልሰማች አለፈችው።

«ካኩ፣ አሥራ አንዱን የጠየቀ ሰው ነበር?» አለች።

«የለም» አልኳት።

«እኔም አልጠየቅኋቸውም። ዛሬ ጠዋት አክስቴ ናት የነገረችኝ። ካርዱን ለሁሉም ልኬ ነበር። አጎቶቼ የዚያን ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስደው ነበር። አያቴ ነጯን የሐር ሳሪዋን ለብሳ፣ የወርቅ አምባሯን ለእኔ ልትሰጠኝ በመሐረብ ቋጥራ ነበር። አባዬ ‹እንሂድ› እስኪል ነበር የሚጠብቁት። እሱ አዲስ ልብስ ለብሶ ወጥቶ ሲቀመጥ ሊነግራቸው ያፈረ መሰላቸው። ሊጠራቸው ነው ብለው ጠበቁ።»

ከማዶ ናንቱ ምድጃውን ያራግባል።

«አያቴ እስከ ስድስት ሰዓት ቆማ ነበር አሉኝ፣ ይኼ በር ጀርባ። ስለ ቦምቡ ስትከራከሩ ትሰማ ነበር። ወሬያችሁን ማቋረጥ ነውር ነው ብላ አልከፈተችውም።»

ዞሬ በሩን አየሁት። ያን ሐሙስ የተቀመጥኩት እሱን ተደግፌ ነበር።