ዝቅ ያለችው ቀይ መኪና

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ቢነዳም መሪ ጨብጦ አያውቅም ነበር። ባቡር መሪ የለውማ! ሐዲዱ ወደ ወሰደው መሄድ ነው። ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬዳዋ፤ ሐዲዱ ላይ ግመል ቢተኛ እንኳ ጡሩምባ ከመንፋትና ፍሬን ከመያዝ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። «ይኼን ሁሉ ዘመን ነዳሁ፤ አንድ ቀን ወደ ግራ ልታጠፍ ብል የሚሰማኝ የለም» እያለ ይቀልድ ነበር። እኛ እንስቃለን። እሱ ግን የምሩን ነበር።

አብዮቱ ፈንድቶ ከዚራ ሰፈር ያሉ የውጭ አገር ነጋዴዎች ዕቃቸውን እየሸጡ ወደየአገራቸው ሲገቡ፣ አንድ ግሪክ ጎረቤታችን ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪናውን ለሽያጭ አወጣ። ቀይ ናት። ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት፤ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሸራ ነው፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። አባቴ ያለ የሌለውን አራግፎ ገዛት። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ምነው፣ ግማሿን የት ጥለህ መጣህ?» አለችው።

የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሙቀቱን ሸሽታ ትተኛለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። አባቴ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ በዚያ ጭር ባለ መንገድ ግራ ታጠፈ። ከዚያ ቀኝ። ከዚያ ደግሞ ግራ። የትም አንሄድም እኮ! ዝም ብሎ መታጠፍ ነው። የዛፎቹ ጥላ በላያችን ያልፋል፣ ነፋሱ ጸጉሬን ይበትነዋል፣ አባቴ ደግሞ መሪውን ባዞረ ቁጥር አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ዞር ይላል። «አየሽ? እሺ ትላለች! ወደዚህ ስላት እሺ፣ ወደዚያ ስላት እሺ!» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ፤ ትልቅ ሰው በአንድ ነገር እንደዚያ ሲደነቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ነገር መጣባት። አንዱ ተነሥቶ «እንዲህ ያለ የቡርዧ መኪና በሰፊው ሕዝብ መሀል…» ብሎ ሲጀምር አባቴ እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ላብ አደር ነኝ። እሷም ላብ አደር ናት፤ ካላመናችሁ ዳገት ላይ መጥታችሁ ስታልባት እዩ!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካትም፤ እንዲያውም የሰፈሩ ሰው «መኪናችን» ይላት ጀመር። እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሙሽሪት ሁሉ በእሷ ካልሄድኩ አለች። ወንበሯ ሁለት ብቻ ነዋ፣ ሙሽሪት ከአባቴ ጎን ትቀመጥና ምስኪኑ ሙሽራ ከኋላ በሌላ መኪና ይከተላል። አባቴም ሆን ብሎ ቀስ እያለ ይነዳና ሙሽራውን ያበግነዋል። ሰፈሩ ይህን ለማየት ነበር የሚወጣው።

ጡረታ ሲወጣ ሥራው እሷ ሆነች። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ያቺን የምትደርሰውን ቆጥቦ ቆጥቦ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ወደ ሐረር የሚወጣውን የድንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ይያያዘዋል። ላይ ደርሶ አንዲት መታጠፊያ ጋ ይቆማል፣ ከተማውን ቁልቁል ያያል፣ ይመለሳል። በቃ፣ ይኼው ነው። ለሱ ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አልነበረም።

እናቴ ድንገጎን እንደ ሰይጣን ነው የምትፈራው። ለቁልቢ ንግሥ በአውቶቡስ ስትወጣ እንኳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ «አለፍን? አለፍን?» እያለች ነው የምትሻገረው። ያንን ዳገት ስንት ጊዜ ወጥታ ወርዳ አንድም ቀን ቁልቁል አይታ አታውቅም።

በኋላ ግቢያችን ውስጥ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ብዙ ተኝታ በምርኩዝ ቆመች፤ ከሰፈር መውጣት ግን አበቃ። ጋሪው ያንገጫግጫታል። የአባቴ መኪና ደግሞ ከመሬት ጋር እኩል ናት፤ መግባቱም መውጣቱም ለእሷ ስቃይ ነው። ቤት ስትውል የማትፈልገው ሁሉ አማራት። አባቴ ከድንገጎ ሲመለስ በረንዳው ላይ ጠብቃ «እሺ፣ ዛሬስ ምን አየህ?» ትለዋለች። እሱም ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይነግራታል፦ የባቡር ጣቢያው ጣራ ሲያብለጨልጭ፣ የደቻቱ ወንዝ ውኃው ደርቆ አሸዋው እንደተሰጣ ነጠላ ሲነጣ፣ ባቡሩ ወደ ሽንሌ ሜዳ ሲወጣ። አገጯን ምርኩዟ ላይ አስደግፋ ትሰማዋለች። «ወይ እኔ! ዓይን እያለኝ ጨፍኜ ኖርኩ» ትላለች። አንጀቴን ትበላው ነበር።

በዚህ መሀል የአባቴ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ወደ አዲስ አበባ ሊዛወር ሆነና ነጭ የጃፓን መኪናውን ሊሸጥ ተነሣ። አራት በር ናት፤ ወንበሯ እንደ ሰው ወንበር ከፍ ያለ፤ ከእኛዋ ጋር ሲያስተያዩዋት ገና ልጅ። ደጃችን ድረስ አምጥቶ አሳየን። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ሞከረቻት፤ ሰው ሳይደግፋት ገባች፣ ሰው ሳይደግፋት ወጣች። ወጥታ ስትቆም ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ! ሰውየው «ለእናንተ ስል እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እጠብቃለሁ» አለ። ነጯን ለመግዛት ቀይዋን መሸጥ ነው፤ ሌላ መላ የለም።

እኔ በዚያን ጊዜ መምህርት ሆኛለሁ፤ ምላሴም ተስሏል። «አባዬ፣ ሚስትህ ትበልጥብሃለች ወይስ ቆርቆሮህ?» አልኩት ፊት ለፊት።

«አንቺ ልጅ፣ ተይኝ አቦ!» ብሎ ጨርቁን አንሥቶ መኪናዋን ሊወለውል ወጣ። ንጹሕ እኮ ናት! ጠዋት ወልውሏታል። ወሬው የተሰማ ጊዜ ሰፈሩ ደግሞ ለቅሶ ቤት ይመስል እየመጣ ቁጭ ይል ጀመር። «እውነት ነው? ልትሸጣት ነው? እኔስ ልጄን በምን ልድር?» ይላሉ። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ሽጥም አላለች፣ አትሽጥም አላለች። ዝምታዋ ነው መሰለኝ ያሸነፈው። በሦስተኛው ቀን «ደላላ ጥሩልኝ» አለ።

ደላላው ይዞት የመጣው ገዢ በጀልዴሳ በኩል የታወቀ የግመል ነጋዴ ነበር፤ ሽርጥ የታጠቀ፣ ጺሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ። ሁላችንም ሐጂ አልነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና «ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ግመል ላይ ከፍ ብዬ ሄድኩ። እስኪ ደግሞ ዝቅ ብዬ ልሂድ» አለ። እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ሳቀች።

ሐጂ ዋጋ በአፍ አይነጋገርም። የከብት ነጋዴዎቹ ልማድ ነው፤ ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ላዩ ላይ ጨርቅ ይጣላል፣ ከጨርቁ ሥር በጣት እየተጫጫኑ ይስማማሉ፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ምንም አያውቅም። አባቴ ደጋ ተወልዶ ባቡር ላይ ያረጀ ሰው ነው፤ የጣቱን ነገር ደላላው አስረዳው። ሐጂ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ በሁለቱ እጆች ላይ ጣለው። ጨርቁ ይንቀሳቀሳል፤ የአባቴ ግንባር ላብ አወጣ። «እሺ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እሺ፣ ተስማምቻለሁ።»

ሐጂ ግን እጁን አልለቀቀም። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ፎጣውን አነሣና የአባቴን እጅ ቀስ አድርጎ ደረቱ ላይ መለሰለት።

«አቦ፣ አፍህ ሸጧል፤ እጅህ ግን አልሸጠም» አለው። «ይንቀጠቀጣል። እኔ እንዲህ ካለ እጅ ግመል ገዝቼ አላውቅም፤ ገመዱን በጥሶ ጌታው ቤት ይመለሳል። እጅህ ሲሸጥ ና፤ ገበያ ታገኘኛለህ።»

ብሎ ሄደ። ደላላው እየጮኸ ተከተለው። መናደድ ነበረብኝ፣ ተናድጃለሁም፤ ግን የሰው እጅ ይዞ ሆዱን የሚያውቅ ሰው ፊቴ ቆሞ ሳይ ይኼ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ደስታውን ሊደብቅ ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ። እናቴ «እሰይ፣ እንኳን ሄደ! በሸመገልኩ ዕድሜ መኪና ላማርጥ?» ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባቴ በደስታና በሐፍረት መሀል ሆኖ «በሉ ተነሡ! ዛሬ በቀይዋ ድንገጎ እንወጣለን። ሌላ መኪና አያስፈልገንም» አለ። እናቴን እኔና ጎረቤት ሴቶች አቅፈን፣ «ቀስ! እግሯን! ወገቧን!» እየተባባልን አስገባናት። ጥርሷን ነክሳ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ከኋላቸው የታጠፈው ሸራ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሰፈሩ እያጨበጨበ ሸኘን።

ዳገቱን ስንያያዘው እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አላመጣችም። የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ወጣች። አባቴ ከለመደው መታጠፊያ ደርሶ ሞተሩን አጠፋ። በገደሉ ጠርዝ እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ አለ። እኔ ዘልዬ ወርጄ ግንቡን ተደገፍኩ። አቤት! አቤት ያ አገር! የተወለድኩበት፣ የተማርኩበት፣ የተጣላሁበትና የታረቅኩበት ሁሉ እዚያ ታች አንድ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ነው፤ ሜዳው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የት ጋ አልቆ ሰማዩ እንደሚጀምር አይለይም። በማን ተናድጄ እንደነበር ረሳሁት።

እናቴ ለመውረድ ብዙ ሰው ስለሚያስፈልጋት ከወንበሯ አልተነሣችም። «ታየኛል፣ ታየኛል» ትላለች ከውስጥ። «ያ የጣቢያው ጣራ ነው አይደል? እንዴት ያብለጨልጫል! ደቻቱም ያው፣ እንደተሰጣ ነጠላ! ባቡሩም ይኸውና ወደ ሽንሌ ሲወጣ…»

አባቴ ቀና አለ። በዚያ ሰዓት ባቡር የለም፤ ይህን ደግሞ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ባዶውን ሐዲድ አየ። ከዚያ የውኃ ኮዳውን ይዞ በእሷ በር በኩል ሄደና አጠገቧ ቁጢጥ አለ፤ ራሱን ከራሷ ጋር እኩል አድርጎ እሷ ወደምታይበት አየ።

እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ምን ሆነ ብዬ ሄጄ ከኋላው ጎንበስ አልኩ። ግንቡ ነው። ከእሷ ወንበር የሚታየው ግራጫው የድንጋይ ግንብ ብቻ ነው፤ በላዩ ትንሽ ሰማይ። ከተማ የለም፣ ጣራ የለም፣ ደቻቱ የለም። እሱ በረንዳ ላይ የነገራትን ነው፣ በራሱ ቃል፣ አንዲት ሳታጎድል የምትመልስለት።

አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ።

«አዎ» አለ አባቴ፣ ግንቡን እያየ። «ዛሬስ ረጅም ነው። ፉርጎው ብዙ ነው።»

«ብዙ ነው» አለች እናቴ።

ሁለቱም ያንን ድንጋይ እያዩ ቆዩ። እኔ ራቅ ብዬ ሄጄ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍቅር ብዙ ሰምቻለሁ፣ ብዙም አንብቤያለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ያስደነቀኝ ግን የለም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ አባቴ ቀይዋን ራሱ እየነዳ ከብት ገበያው ደረስን። ሐጂ ከግመሎቹ መሀል ብቅ ብሎ አየን፤ ምንም ሳይጠይቅ ፎጣውን ጣለ። ከጨርቁ ሥር ብዙም አልቆዩም። «አሁን እሺ» አለ ሐጂ፤ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለው። እኛ በጋሪ ተመለስን። መንገድ ሙሉ ያለቀስኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሽጥ ሽጥ እያልኩ የነዘነዝኩት! አባቴ «ኧረ በቃሽ አቦ፣ ሰው ያየናል» ይለኛል።

ነጯን መኪና ባመጣናት ሳምንት እንደገና ድንገጎ ወጣን። እናቴ በሩን ራሷ ከፈተች፣ ምርኩዟን አስቀድማ ወረደች፣ እስከ ግንቡ ሄዳ ሁለት እጇን ላዩ ላይ አኖረች። ነፋሱ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፎ ጣለው፤ አልመለሰችውም። አባቴ ከጎኗ ቆሞ ትንሽ ታገሣት።

«እና?» አላት በመጨረሻ። «እንደነገርኩሽ አይደለም?»

«እንደነገርከኝ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳታነሣ። «ጣራውም፣ አሸዋውም። ሁሉንም ነግረኸኛል። ስፋቱን ብቻ አልነገርከኝም።»