ውሃው መሀል የቀረችው ኤሊ

ልጅ ሳለሁ አባባ የምላቸው አያቴ ተረት የሚነግሩኝ እየሄድን ነበር። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ጠጠር ሲል፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በታች ያለውን ወንዝ ዳር ዳሩን ይዘን ወደ ጫካው እንወርዳለን። ያኔ አደይ አበባው ገና ግማሹ እንቡጥ ነው፣ ባህር ዛፉ ያንጠባጥባል፣ የአባባ ካፖርት ደግሞ ሲሞቁት ያደሩት እሳት ጭስ ጭስ ይሸታል። ኮንዶሚኒየሙ ያረፈበት መሬት የሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር፤ በኋላ እዚያው ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ተረቱን ያቆሙና እርጥብ ሳር ነጭተው ውሃው ውስጥ ይነክራሉ፤ ክረምቱን ያሻገረንን ፈጣሪ በኦሮምኛ ያመሰግናሉ። እኔም እነክራለሁ። ከዚያ ተረቱ ይቀጥላል።

አንድ ቀን የኤሊዋን ጀመሩልኝ። ጅብ ወንዝ ሞላበትና ኤሊን «በጀርባሽ አሻግሪኝ፣ አልበላሽም» ብሎ ማለላት። አዘለችው። ውሃው መሀል ሲደርሱ ጅቡን ራበው።

«ከዚያስ አባባ?»

«ቆይ እንጂ፣ ሳሩን ልንከር።»

እጃቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ ቤቲ መጣች። የክፍሌ ልጅ ናት፣ ኮንዶሚኒየሙ ላይ ነው የምትኖረው። አበባው ውስጥ ፎቶ ልትነሳ ነጭ ጫማ አድርጋለች።

«ውይ! ሳርም ይታጠባል እንዴ?» ብላ ሳቀች። «አያትሽ ናቸው?»

«አይደሉም» አልኳት። «የብሎክ ዘበኛ ናቸው።»

አባባ ሰምተዋል። ቀስ ብለው ቀና አሉ። «አዎ የኔ ልጅ፣ ዘበኛ ነኝ» አሏት። «ይቺ ልጅ ወንዝ እንዳትገባ ነው የምጠብቃት።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስንመለስ እጄን አልያዙኝም፤ ልክ እንደ ዘበኛ ከኋላዬ ራቅ ብለው ተከተሉኝ። ዞር ብዬ «ከዚያስ?» ማለት አፈርኩ። በማግስቱም አፈርኩ። በዚያው ዓመት አረፉ።

አሁን እናት ሆኛለሁ። ትምህርቴን አልገፋሁም፤ የልጄን ደብተር ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው የማነብላት። ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት፣ ጓደኞቿ «ማናት?» ቢሏት ምን ትል ይሆን እላለሁ።

ባለፈው መስከረም ወንዙ ጋ ወሰድኳት። ሳር ነከርን። ተረቱን ጀመርኩላትና ውሃው መሀል ስደርስ ቆምኩ።

«ከዚያስ እማ?»

«አላውቀውም።»

«ማነው የነገረሽ?»

አጠገባችን ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ነበሩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «አያቴ ናቸው» አልኩ። «እዚሁ ወንዝ ዳር።»

«ታዲያ እስኪጨርሱት ለምን አልጠበቅሻቸውም?»

እስከ ዛሬ ልትተኛ ስትል «ከዚያስ?» እያለች ትጠይቀኛለች። ከራሴ ፈጥሬ ኤሊዋን ባሻግርላት ማንም አያውቅብኝም። ግን አልደፈርኩም። እዚያው ውሃው መሀል ናት፣ ጅቡን እንዳዘለች።