የእትዬ አስካለ ብርዝ

የአልኮል ጥጥ በሸተተኝ ቁጥር ኮተቤ ያለው ቤታችን ይመጣብኛል። ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀርብ፣ አባዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጣቱን በጥጥ ይጠርግና በትንሿ መርፌ ሲወጋ፣ እንዳልፈራ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ፈገግ ይል ነበር። የስኳር መለኪያዋ የደሙን ጠብታ ስትስብ ቁጥሩን የማነብለት እኔ ነበርኩ። አባዬ የባዮሎጂ መምህር ቢሆንም፣ ያን ሰሞን ዓይኑ ብዥ እያለበት የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ቀርቶ የመለኪያዋን ቁጥር እንኳ አጥርቶ አያይም ነበር። ሐኪሙ ስኳሩ ካልወረደ ዓይኑ ጨርሶ እንደሚጎዳ ነግሮታል።

ክረምት ሲገባ እማዬ የስኳሩን ጣሳ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላ፣ የአባዬን እንጀራ በግማሽ ቆርሳ፣ ጎመኑን ታበዛለት ጀመር። ዝናቡ አባርቶ የበቆሎ ጥብስ ሽታ ከደጅ ሲመጣ «ግማሿን ብቻ» ብሎ ይለምናታል፤ እሷ ሩቡን ሰብራ ትሰጠውና የቀረውን ፊቱ እየበላን እንስቅበት ነበር።

ጭቃው ሲደርቅ፣ እሑድ እሑድ፣ ሐኪሙ መራመድ ስላዘዘው እኔና አባዬ ብቻ በባሕር ዛፉ መሐል ወደ እንጦጦ ሽቅብ እንወጣ ነበር። ስንመለስ አክስቱ እትዬ አስካለ ቤት እናርፋለን። እናቱ በልጅነቱ ሞታበት እሳቸው ናቸው ያሳደጉት። ከጓሯቸው ቀፎ የቆረጡትን ማር በውኃ በጥብጠው፣ ብርዙን በትልቅ ብርጭቆ ይዘው ይመጡና «ማር እኮ ስኳር አይደለም፣ መድኃኒት ነው። በሞቴ!» ይሉታል። ክፍል ውስጥ ስለ ቆሽት ሥዕል እየሣለ የሚያስተምረው አባዬ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀብሎ እስከ አተላው ይጨልጠው ነበር። ሰኞ ጠዋት ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። እማዬ ጥፋቱን በእንጀራው አሳብባ ግማሹን ሩብ አደረገችው።

ጥር ላይ፣ የሚካኤል ታቦት ሲገባ፣ በሕዝቡ መሐል አባዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ጥላዎቹ ምን ዓይነት ቀለም እንዳላቸው ጠየቀኝ። አጠገባችን ነበሩ። አንድ በአንድ ነገርኩት።

ከዚያ ከእማዬ ጋር ሦስታችንም እትዬ አስካለ ቤት ገባን። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። እኔ ሰው ሲስመኝ እንኳ እማዬ ቀሚስ ውስጥ የምደበቅ ልጅ ነበርኩ። ብርዙ መጥቶ፣ «በሞቴ» ተብሎ፣ አባዬ እጁን ሲዘረጋ ብርጭቆውን ቀድሜ ያዝኩት።

«እትዬ፣ ሰኞ ሰኞ የአባዬን ስኳር ከፍ የሚያደርገው ይኼ ነው። ዛሬ ጥላዎቹን አላያቸውም።»

እትዬ አባዬን ትኩር ብለው አይተው እውነት መሆኑን ጠየቁት።

«እምቢ ማለት መቼ አስተማሩኝ፣ እትዬ?» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ብርጭቆውን ከእጄ ወስደው ብርዙን ወደ ማሰሮው መለሱት። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው «አፍ የላትም የምትይኝ ይቺን ነው?» ሲሉ እንግዳው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ወደ ቀሚሱ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በየድግሱ ለአባዬ ሁለተኛ ጉርሻ ሲዘረጋ፣ እትዬ ከማዶ ሆነው «በሞቴ፣ ይበቃዋል!» ይሉ ነበር። የሰኞው ቁጥር ወረደ፤ የአባዬም ዓይን ብዥታው ቀስ በቀስ ተገፈፈለት።

እትዬ አሁን በሕይወት የሉም። ሰው ማር አቅርቦ ሲያስቸግረው አባዬ «እትዬ በሞታቸው ምለውብኛል» ይልና ሳህኑን በቀስታ ይገፋል። እኔ የካ አባዶ ነው የምኖረው፤ ጠዋት ለሚኒባስ ተሰልፌ እደውልለታለሁ። ያኔ እኔ ሳነብለት እሱ ይጠብቅ ነበር። አሁን ጥጡን ሲያነሣ፣ መለኪያዋን ሲከፍት ድምፁን እየሰማሁ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ እሱ ቁጥሩን በገዛ ዓይኑ እያየ፣ ስም እንደሚጠራ መምህር፣ ረጋ ብሎ ያነብልኛል።