ዕጣው ለምራት ሲወጣ

በ2012 ዓ.ም. ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ምርጫው ገና አልተራዘመም። የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ውሻ የማይፈራ ሽማግሌ ሲያፈላልጉ እኔን አገኙ። ውሻ እፈራለሁ፤ አልነገርኳቸውም።

አምቦ፣ ንጋት ላይ

ጥር ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መኪናው ውስጥ ሦስት ነን፦ ሹፌሩ ተሾመ፣ ጠያቂዋ ሀዊ እና እኔ። ሀዊ አዳማ ያደገች ልጅ ናት፤ ኦሮምኛዋ የከተማ ነው። ገና ሳንነሳ ሕግ አወጣችልኝ።

«አባባ፣ እርስዎ በር ያስከፍታሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ። ከዚያ ዝም። ለተጠያቂው መልስ ካቀበሉ ያ ቤት ይሰረዛል።»

«ቢያስነጥሰኝስ?»

«ውጭ ወጥተው።»

ጉደር፣ ሁለት ሰዓት ገደማ

ቁርስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ ሳህኑ አሥር ብር። ተወደደ ብል ሻጯ «ጥርስ ለሌለው ቅናሽ የለም» አለችኝ።

ሥራው ከወፍጮ ቤቱ ተጀመረ። አንድ ቤት ይያዛል፣ አራት ይዘለላል። ሀብታም ነው፣ ዘመድ ነው፣ ጠላ አለው አይባልም። ከዚያ የቤቱ አዋቂዎች ስም ስልኳ ውስጥ ይገባል፤ ስልኩ ራሱ ዕጣ ያወጣል፤ የደረሰው ብቻ ይጠየቃል።

«ለምን ሁሉንም አንጠይቅም?» አልኳት።

«ጤፍ ሲገዙ ጆንያውን ሁሉ ይዘረግፉታል?»

«የላዩን ብቻ ያየ ግን አፈር ይገዛል።»

«ለዚህ ነው ቤት የምንዘለው» አለች። ልጅቷ መልስ አታጣም።

ያስቸገሩን የተዘለሉት ናቸው። አንዲት ሴትዮ ከአጥሯ በላይ ብቅ ብላ «የእኛ ቤት ምን ሸተታችሁ?» አለች።

«ዕጣ ነው» አልኳት።

«እና ለጎረቤቶቼ ምን ደረሳቸው? ዘይት?»

«ጥያቄ።»

«እሱስ ለእነሱው ይሁን» ብላ ገባች።

ጌዶ፣ ከቀትር በኋላ

አቧራ፣ የገብስ ጭድ ክምር፣ ወደ ነቀምት የሚያቃስቱ የጭነት መኪናዎች። የገበያ ቀን ነውና ከብቱ መንገዱን ይዞታል። ተሾመ ጡሩምባ ቢነፋ አንድ በሬ ዞር ብሎ አየውና መንገዱን ቀጠለ።

የተያዘው ቤት የኦቦ ፉርጋሳ ሆነ፤ እኩያዬ ነው፣ በሬ ነጋዴ፣ ከእኔ የባሰ ግትር። እሱ፣ ልጁና የልጁ ሚስት ጫልቱ ተመዘገቡ። ዕጣው ለጫልቱ ወጣ።

«እኔ እያለሁ እሷን?» አለ ኦቦ ፉርጋሳ። «የዚህ ቤት ምልክት ሚዛን ነው። ጻፊና ሂጂ።» ሚዛን የአንዱ ፓርቲ ምልክት ነው።

ሀዊ ለብቻችን ይተዉን ብትለው «ከገዛ ቤቴ?» ብሎ በርጩማውን ደጃፉ ላይ አስጠግቶ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ።

ጫልቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ማዳበሪያው መለሰች። ማንን ትመርጫለሽ ስትባል ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ባንቱ።»

«እንደዚህ የሚባል የለም እኮ» አለች ሀዊ። «እስቲ ድገሚልኝ?»

«ባንቱ።»

በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ላጉ ይባላል። ስሙን ብቻ አይደለም፤ እንደ ስሙ የሚጀምረውንም ቃል ትታ በሌላ ትለውጠዋለች። ቁልፍ በኦሮምኛ ፉርቱ ነው። አማቷ ደግሞ ፉርጋሳ። ስለዚህ ቁልፉን «ባንቱ» አለችው፣ መክፈቻ ለማለት። ቁልፍ የሚዛን ተቀናቃኝ ምልክት ነው።

አዳማ ላይ ይህን የሚያስተምር አልተገኘም። የሀዊ ጣት «መልስ አልሰጠችም» ወደሚለው ሄደ። ምላሴን ነከስኩ። ብናገር ቤቱ ይሰረዛል፣ የጫልቱም ቃል አብሮ። ዝም ብል ያው ቃሏ ይጠፋል። ከእኔ ሌላ ነገሩ የገባው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የተሸነፈው።

ኦቦ ፉርጋሳን አየሁት። ጆሮው ቀልቷል። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም። በጭራው ዝንብ የሌለበትን ጉልበቱን ሁለቴ መታ።

«ስሜን አከበረች፣ ሚዛኔን ሰበረች» አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ የምልክቶቹ ሥዕል የለሽም እንዴ? ወይስ ጌዶ ድረስ ባዶ እጅሽን ነው የመጣሽው?»

ሀዊ ቦርሳዋን ፈትሻ ላልተማረ ሰው የተዘጋጀውን የሥዕል ወረቀት አወጣች። ጫልቱ ጣቷን ቁልፉ ላይ አኖረች። ሀዊ መዘገበች። 

«በይ ለእንግዶቹ እርጎ አምጪ» አለ ኦቦ ፉርጋሳ። «እኔ አኩርፌያለሁ።»

ጫልቱ መጀመሪያ የቀዳችው ለእሱ ነው። ኩርፊያው እስከ ሁለተኛው ዋንጫ ቆየ።

አምቦ፣ ተመልሼ

ቤቴ የደረስኩት ሲመሽ ነው፤ ወገቤ ሌላ ሰው ቤት የቀረ መሰለኝ። በነጋታው ጠዋት የልጄ ሚስት ሻይ አመጣችልኝ። ዕጣ ሳላወጣ፣ ቤት ሳልዘል፣ ማንን እንደምትመርጥ ጠየቅኋት።

«አባባ» አለች፣ «ሻይዎ ይቀዘቅዛል።»

ጠጣሁት።